የጎማው ክፍል

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቡናችንን የሚገዙት የውጭ ነጋዴዎች «ሕፃናትን አታሠሩ» ስላሉ፣ ባለቤቱ ጋሽ መኮንን ልጅ የሚባል በመጋዘኑ በር እንዳያልፍ ከለከሉ። ውስጥ ቡና የሚለቅሙት እናቶች ታዲያ ልጆቻቸውን የት ይጣሏቸው? መንገድ ዳር ትተዋቸው ይገባሉ። ዛሬ የዘሃራ ሕፃን ከእህቷ እጅ አምልጣ ወደ አስፋልቱ ስትድህ ባጃጅ ለጥቂት ሳታት። አላህ ነው ያወጣት።

ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ቢሯቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ከዘበኛው ቤት ጎን ያለውን ክፍል ለልጆቹ ይስጡን። ከእኛ አንዷ ትጠብቃቸዋለች።»

«እሱ የመኪና ጎማ አለበት።»

«ጎማው ደጅ ቢቀመጥስ?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «በዚህ ፀሐይ? ይሰነጠቃል እኮ፣ ልጄ!»

ስወጣ የዘሃራ ሕፃን በሩ ፊት፣ እዚያው ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።