ትራስ ላይ የወደቀው ኮርኒስ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን። ያለህበት ምድር ይመችህ፤ ክፉ አይይህ። እኛ በሕይወት አለን፤ እኔን ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

ዝናብ ገብቶበት ከአባትህ አልጋ በላይ ያለው የጅብሰም ኮርኒስ አብጦ ነበር። ሠራተኛ ጠራሁ። በጣቱ ነካ ሲያደርገው ፊቱ ተለዋወጠ። “እማማ፣ አባባን አሁኑኑ ያስነሷቸው!” አለኝ።

አባትህ ደግሞ “እኔ ሳልወድቅ እሱ አይወድቅም” ብሎ ይቀልዳል። እጁን ጎትቼ በሩ ጋ ስንደርስ ኮርኒሱ ትራሱ ላይ ተዘረገፈ።

የመኝታ ቤቱ በአዲስ ተተካ። ሠራተኛው “የሳሎኑም ውሃ ጠጥቷል፤ መፍረስ አለበት” ቢል፣ አባትህ “ቤቴን አታፍርሱብኝ” ብሎ አባረረው። ይኸው እዚያው ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ እኔ ሽቅብ ሳይ እውላለሁ።

እሱን ያተረፈ አምላክ አንተንም ይጠብቅልኝ። ያንተን ቃል አይጥልምና እባክህ ደውልለት፤ ዛሬውኑ።

እናትህ