ጨጓራ ያልነበረው ሕመም

ውድ ዳናይት፣

በቅድሚያ፣ ተሽሎኛልና አትደንግጪ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ደውዬልሽ ነበር፤ ስለ መቀሌ ሙቀትና ስለ ልጅሽ ጥርስ አውርተን ዘጋሁት።

ሕመሙ የጀመረኝ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለው ቢሮአችን ነው። ከእንብርቴ በላይ ተነሥቶ ጀርባዬን ይወጋኛል፤ የቀመስኩትን ሁሉ ያስመልሰኛል። ወቅቱ ሑዳዴ ስለነበር ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም። የክፍል ኃላፊዬ እትዬ ሃረገወይን፣ «ጨጓራ ነው የኔ ልጅ! የጾመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተልባ ጠጪበት» አሉኝ። ጠጣሁ፤ ባሰብኝ። ማምሻውን መገናኛ፣ የየካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተንበርክኬ እትዬ ስላገኙኝ እየጎተቱ ሐኪም ቤት አስገቡኝ።

ሐኪሙ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀኝ።

«ኧረ ምንም! ይቺ ለራስ ምታት እንኳ ክኒን አትውጥም» አሉ እትዬ፣ ቀድመውኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ዶርም ውስጥ ስወድቅ በጎኔ አስተኝተሽ፣ ሰው እንዳያየኝ በሩን የዘጋሽውም አንቺ ነሽ። እትዬን ውኃ እንዲገዙልኝ አስወጣኋቸውና ለሐኪሙ ነገርኩት። የደም ምርመራው ቆሽቴ ክፉኛ መቆጣቱን አሳየ። ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ፈልጎ ሲያጣ፣ ከመውደቅ ሲጠብቀኝ የኖረውን መድኃኒት አስቆመኝ። «መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ቆሽት ያስቆጣል» አለኝ።

የቢሮ ሰዎች ብርቱካንና አጥሚት ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ፤ እኔ ቆሽቴ እንዲያርፍ ውኃ እንኳ ተከልክያለሁ። የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች በሉልኝ። «ጨጓራሽ እንዴት ነው?» ሲሉኝ፣ «ደህና ነው» እላለሁ። ያን ያህል ሰው ከብቦኝ፣ ስለ እኔ ሕመም የጠየቀኝ አልነበረም።

ስወጣ ሐኪሙ፣ «አዲሱ መድኃኒት እስኪስማማሽ መውደቁ ሊመለስ ይችላል፤ ብቻሽን እንዳትሆኚ። ቤት ማን አለ?» አለኝ።

«እህቴ» አልኩት።

አንቺን ማለቴ ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ ብቻዬን፣ በሩን ሳልቆልፍ ነው የምተኛው።

ነይ አልልሽም፤ ሕፃን ታቅፈሻል። በየጠዋቱ ብቻ ደውይልኝ። ካላነሣሁ ለእትዬ ሃረገወይን ደውይላቸው፤ ቁጥራቸውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ምን እንደሆንኩ ከጠየቁሽ የሕመሜን ስም ጠርተሽ ንገሪያቸው። ፈቅጄልሻለሁ።

ነገ ጠዋት ስልክሽን የምትጠብቀው፣
ሳምራዊት