ሁለት ዓመት የጎደለው ካርድ

ሰኔ ፳፮፣ ከሥራ መልስ

ቀኑን ሙሉ ሰው ከሰው በስልክ ሳገናኝ ዋልኩ። ማዳመጫው ጆሮዬን ጨርሶታል። ቤት ስገባ አልማዝ ከት/ቤት የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ጠበቀችኝ። ልጆቹ ወደፊት ሊሆኑ የሚፈልጉትን ሥራ በክረምቱ እንዲሞክሩት ነው አሉ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ፒያሳ ታይፕ መማር፣ ስፌት፣ ወይም ሆስፒታል የአስታማሚ ረዳት መሆን። የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል።

ታይፕ ይሁን አልኳት። ሆስፒታል አለች።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። አባቷ ሆስፒታል ድሬሰር ነበር፣ ቁስል አጣቢ። ተስቦ የያዘው እዚያው፣ ከሚያክማቸው ሰዎች ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርነው። አልፈረምኩም።

ሰኔ ፳፯፣ ጧት

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ለሆስፒታሉ ዕድሜ ከ፲፮ ማነስ የለበትም። የት/ቤት ካርዷ ፲፬ ይላል። ተመስገን።

አንተን አልዋሽህም። ልጄ አሥራ ስድስት ሞልቷታል። አባቷ አውራጃ ተመድቦ ስለነበር ት/ቤት የገባችው ዘግይታ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዕድሜዋ አልፏል ብለው እንዳይመልሱብኝ ሰባት ነው አልኩ። ይህን ያላደረገች እናት በሰፈራችን ካለች ትምጣና ትውቀሰኝ። አልማዝ ራሷ አታውቅም።

ዕድሜሽ አልደረሰም አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ሐምሌ ፫፣ ማታ

ታይፕ ጀምራለች። እጇ ፈጣን ነው አሉ። እፎይ ልል ስል የክርስትና እናቷ እትዬ ወርቄ መጡ። ይቺ ልጅ እኮ የተወለደችው ብለው ዓመት መቁጠር ጀመሩ። ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ ጣሪያው አወራሁ፣ የምለውን አላውቅም። ነገሩ ገባቸው። ስሸኛቸው በር ላይ ያዙኝና፣ ልጅቱን በውሸት አስረሽ እስከ መቼ ነው አሉኝ።

ሐምሌ ፲፩፣ ከቀኑ ፲ ሰዓት

ራሴን አሞኝ ቀድሜ ወጣሁ። በታይፕ ቤቱ በኩል ጎራ ብል ካልመጣች ሳምንት ሆኗታል አሉኝ። ከዚያ እስከ ሰፈራችን፣ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ እንዴት እንደሮጥኩ እንጃ።

ያገኘኋት ከቤታችን አጠገብ ነው። ጎረቤታችን ባለሱቋ እማማ ረውዳ ብቻቸውን ከሱቃቸው ጓሮ ተኝተው በትኩሳት ይቃጠላሉ። አልማዝ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ውሃ ታጠጣለች። ሳምንቱን የዋለችው እዚህ ነው። የለበሰችው ከእኔ ጋር የምትተኛበትን ቀሚስ ነው።

ተስቦ ቢሆንስ አልኳት። ቢሆንስ ማን ያስታምማቸው አለችኝ። ጮኽኩባት። ጎረቤት ወጣ።

ቤት አስገብቼ ልብሷን ሁሉ አስወለቅኳት። ስፌት ስፌቱን ፈተሽኩ። አንድ ቅማል አገኘሁ። አንድ። ቀሚሱን በፈላ ውሃ ቀቀልኩት። አባቷ ስንቴ እንደነገረኝ፣ ተስቦን የምታመጣው ቅማል ናት።

አልማዝ ቆማ ታየኝ ነበር። አባዬ እንዴት ነበር የሚጠነቀቀው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን የሚያስተምሩ አሉ።

ሐምሌ ፲፬፣ ምሳ ሰዓት

እማማ ረውዳን በማግስቱ በታክሲ ሆስፒታል አደረስናቸው። ተስቦ ነው። ይድናሉ ብለዋል። የነርሶቹን አለቃ አነጋገርኩ። ለክረምቱ ቦታ አለ። ሽርጥና ጓንት ይሰጣል፣ ልብስ እዚያው ይቀቀላል። ዕድሜዋን የሚመሰክር ሰው አምጪ አሉኝ። ከዚያው ቀጥታ እትዬ ወርቄ ዘንድ። እሺ አሉ።

ለአልማዝ ነገርኳት። አሥራ ስድስት ነሽ፣ መጀመሪያ ለት/ቤት ብዬ ዋሸሁ፣ ኋላ ለራሴ ብዬ አልኳት። ተቆጣች። መቆጣቷ ትክክል ነው። ከዚያ ወረቀቱን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

ፈረምኩ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ ብቻ ፈረምኩ። ነገ በሁለት ሰዓት ከእትዬ ወርቄ ጋር እንሄዳለን፣ እሳቸው ሊመሰክሩ፣ እኔ ውሸቴን ልናገር። ቅማሏን ካገኘሁ ሦስት ቀን ነው። ተስቦ ከአሥር ቀን በላይ ተደብቆ ይቆያል ይላሉ። አሁን ተኝታለች። በቀን መተኛት ልማዷ አልነበረም። ብዕሬን አስቀምጬ ግንባሯን ልንካ።