ከጎሬ ወዲያ የተዘረጋው መስመር

ውድ ኡርጌ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። መኖርሽን አለመኖርሽን ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ስለ ጤናሽ ልጠይቅ? ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትዪኝ ይሆናል። የልጅሽን የገለኔን ቁጥር አወጣሁና መልሼ ተውኩት። ስልክ ወዲያው ይመልሳል። እኔ ደግሞ ወዲያው እንዲመለስልኝ አልፈለግሁም።

የሆነውን ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ስፌት ቤቱ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው። እንደ ልማዴ ወደ ጎሬ ልመለስ መቱ መናኸሪያ ሄድኩ። የምመላለሰው በሱፊያን ሚኒባስ ነው። የተማሪ ዩኒፎርሙን እየሰፋሁ ያሳደግሁት ልጅ፣ አሁን ባለ ጢም ሾፌር ሆኗል። "እትዬ ፈትለ፣ ጋቢና ይግቡ" አለኝ። ጋቢና? ለኔ? ገባሁ። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ ዘለለኝ። ብሩን ብዘረጋለት "ተከፍሏል" ብሎ ፊቱን አዞረ። ማን እንደከፈለልኝ አልነገረኝም። ያቺ በቅርጫቷ ጉልበቴን ስትወጋኝ የኖረችው ዕንቁላል ነጋዴ እንኳ "ይመችዎት እትዬ" አለችኝ። ሬዲዮው ተዘግቷል። ስለ ቡና ዋጋ የሚከራከር ሰው አልነበረም።

ኡርጌ፣ ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። በእኛ መስመር መኪናው እንዲህ ዝም የሚለው ውስጡ መርዶ ያልተነገረው ሰው ሲኖር ነው።

ታዲያ ማን ሞተብኝ? ባሌን ሰይፈ ሚካኤልን ከቀበርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ልጅ አልወለድኩም፤ እህት ወንድሞቼ ቀድመውኛል። ሰው ከእኔ የሚደብቀው ሞት ቢኖር ያንቺ ብቻ ነው። ደግሞ ላይሆን ይችላል እላለሁ። ምናልባት አርጅቼ አሳዝኛቸው ነው። ምናልባት ሱፊያን ስለት ነበረበት። አንዱን ይዤ ሌላውን ስጥል እስካሁን አለሁ።

የኪቲላ አሮጌ መኪና ብቻ የነበረችበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? ጠዋት ከጎሬ ትወስደናለች፣ አንቺን ወደ ሻይ ቤትሽ፣ እኔን ወደ ስፌቱ፤ ማታ ትመልሰናለች። እኔ ፊደል የለየሁት ከግንባሯ ላይ ነው፤ ላዩ በቁቤ፣ ታቹ በአማርኛ፣ መቱ ጎሬ። ከዚያ በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ቀጠልኩ። "አንቺ መኪናውን እያነበብሽ ቁሚ፣ እኔ ወንበር ልያዝልሽ" እያልሽ ታሾፊብኝ ነበር። ሁልጊዜም የመስኮቱን ወንበር ትይዢልኛለሽ።

ያን ክፉ ቀን፣ ማታ ወደ ጎሬ ልንመለስ ስንል፣ ኪቲላ መናኸሪያው ጥግ ጠራኝ። "ጅራታ አርፏል" አለኝ። "በደሌ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ ነው። ነገ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራታል። አንቺ አጠገቧ ተቀመጪ፣ ሌላ ሰው እንዳያዋራት። ሂንሂሚን።" አትናገሪ ማለቱ ነው። ጅራታ ወንድምሽ፣ አዝለሽ ያሳደግሽው።

አንቺ ለእሱ የገዛሽውን ሱሪ ይዘሽ መጣሽ። የሱሪውን እግር ጠዋት ያጠፍኩት እኔው ነበርኩ። ጉልበትሽ ላይ ዘረጋሽው።

"ፈትለ፣ አይረዝምበትም?"

"ልክ ነው" አልኩሽ።

ትንሽ ሄድ እንዳልን፣ "እስቲ ደህና አድርገሽ እይው፣ አይረዝምበትም?"

"ልክ ነው አልኩሽ እኮ!"

ኪቲላ በጣም ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር። "ኪቲላ፣ ዛሬ ምን ነካህ? ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?" አልሽው። በቀልድሽ የማይስቅ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። "ጎማው ደከም ብሏል፣ አዴ ኡርጌ" አለሽ። ጎሬ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ አንቺ ሱሪውን አጣጥፈሽ ተቀመጥሽ። "መስመርህ እዚሁ ነው እንዴ የሚያልቀው?" አልሽው። ቀልድሽ መስሎኝ ያን ጊዜ እኔ ሳቅሁ።

ከሰልስቱ በኋላ ቤቴ መጣሽ። አልተቀመጥሽም።

"መኪናው ውስጥ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ልክ ነው አልሽኝ።"

ወጥተሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወንበር ላይ ትቀመጪ ጀመር። ሚኒባሶቹ ሲመጡ ሌላ መኪና ያዝሽ። መኪና ሲበዛ መራራቅም ቀላል ሆነ። አስፋልቱ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፣ ባጃጁ በየሰፈሩ ፈላ፤ አንድ ቀን ፈልጌ ሳጣሽ አዲስ አበባ ገለኔ ዘንድ መሄድሽን ሰማሁ።

በገለኔ እጅ ያስጻፍሽልኝ አንድ ደብዳቤ አለኝ። "እዚህ የከተማ ባቡር አለ። ጠዋት ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይሄዳል። ሐዲዱ እኛ ሰፈር አይደርስም፤ ይቀጠላል ይባላል፤ እስከዚያ በእግሬ እየሄድኩ እሳፈራለሁ። ስሜን የሚያውቅ የለም። የሚዋሸኝም የለም። ደስ ይላል።" ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ያ "ደስ ይላል" እውነትሽን ይሁን ልትወጊኝ ፈልገሽ ይሁን እስከዛሬ አልገባኝም።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ጎሬ ደረስን። "እትዬ፣ ደርሰናል" አለኝ ሱፊያን። ተሳፋሪው ወረደ። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። መስመሩ አሁን ጎሬ ላይ አያልቅም፤ እስከ ቡሬ ተዘርግቷል። ሄጄበት አላውቅም ነበር።

"እስከ መጨረሻው ውሰደኝ" አልኩት።

"ቡሬ? እዚያ ማን አለዎት?"

"ማንም።"

በጎን አየኝና አዲስ ተሳፋሪዎች ጭኖ አስነሳ። ከመኪናው እስካልወረድኩ ድረስ ማንም ምንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ጫካው አለፈ፣ የማላውቃቸው ሰፈሮች አለፉ። ከቡሬም ወዲያ ቢዘረጋልኝ ብዬ ተመኘሁ። ሱፊያን ያለወትሮው ይንፏቀቃል።

"ምነው ልጄ፣ ቀስ አልክ?"

"ጎማው ደከም ብሏል እትዬ።"

ቡሬ ወርጄ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አዲስ ናቸው።

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነው ነገሩ የመጣልኝ። እኔ ጠርጥሬ አልጠየቅሁም። ዝም ብዬ መንገዱን አስረዘምኩ። አንቺስ? አብራን የምትሳፈረው የበምነት እናት የሞተች ጊዜ፣ መርዶው ሳይነገራት በምነት አጠገብ ተቀምጠሽ እስከ ጎሬ ስለ ጎመን ተከላ ያወራሻት አንቺ ነበርሽ። ያን ዝምታ ከእኔ በፊት የምታውቂው አንቺ ነሽ። ታዲያ የራስሽ ቀን ሲመጣ እንዴት ሳታውቂው ቀረሽ? ደጋግመሽ የጠየቅሽኝ እውነት ስለ ሱሪው ነበር? ወይስ "ልክ ነው" እንድልሽ፣ እስከ ጎሬ ድረስ ብቻ ጅራታ ሱሪውን እንደሚለብሰው እንድነግርሽ ነበር? ታዲያ ያንን ከሰጠሁሽ በኋላ ለምን ተቀየምሽኝ? ካላወቅሽ ደግሞ የበደልኩሽ በደል እንዳለ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው የኖርኩትን ነገር ስሙን እንኳ አላውቀውም ማለት ነው።

በዚያው በሱፊያን መኪና ወደ ጎሬ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፍልሽ፤ ፀሐይ ሳትገባ ልጨርስ። መርዶ በማለዳ ነው። ነገ የሚመጡ ከሆነ በሩን ሳልቆልፍ አድራለሁ፤ ሳያንኳኩ ይግቡ። ካልመጡ ግን ይህን ደብዳቤ ሰኞ ለሱፊያን እሰጠዋለሁ፣ በአዲስ አበባው አውቶቡስ ሾፌር በኩል እንዲልክልሽ። ሲቀበለኝ ዓይኑን አላየውም።

ያን ቀን ታውቂ ነበር ወይ፣ ኡርጌ? ይህን የሚመልስልኝ በዓለም ላይ ካንቺ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ እባክሽ፣ ኖረሽ ቆዪኝ።

የመስኮቱን ወንበር ይዤልሻለሁ።

ፈትለወርቅ
ጎሬ