በማን ስም እንጥራ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ ለወይዘሮ ኑርያ ይማም፤ ሐይቅ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እማዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? ያ ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንዳያልቅ ብለሽ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሽበት? ማሽላው ዘንድሮ እንዴት ነው፣ ወፍ አላስቸገራችሁም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም። አንዋር ወንድሜ፣ ይህን የምታነብላት አንተ ነህና ቀስ ብለህ አንብብ። ከራስህ አትጨምር፣ ያልወደድኸውንም አትዝለል። ባለፈው ደብዳቤ ስለ አንተ ትዳር የጻፍሁትን እንደዘለልኸው ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ቀኑ ተቆርጧል። ኒካሑ ኅዳር አሥራ ስምንት፣ ሐሙስ ነው። ድግሱ እዚሁ አል ዓይን፣ ዛኸር በሚባለው ሰፈር፣ ጧሂር ግቢ ይሆናል። ጧሂር ያ የደሴው ሰው ነው፣ ድምፅሽን የቀዳሽበትን ካሴት እየተቀበለ የሚያደርስልኝ። አጎቴ ሙሐመድም በአባቴ ቦታ ሆነው ኒካሑን እንዲያስርላቸው እሱን ወክለውታል፤ አላህ ያክብራቸው። አሠሪዬ ማዳም ፈቃዱን የሰጠችኝ ጥያቄዬን ገና ሳልጨርስ ነው፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሷ ተጣድፋለች። ፈይሰል እንደምታውቂው ሰናይያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር መኪና ቀለም ይቀባል። ጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም እስከ ሰርጉ ይለቅ እንደሆነ እንጃ።

እኔ የሚያስቸግረኝ ልብስ መምረጡ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሰው የሚያጨቃጭቀው የጥሪ ወረቀቱ ኖሯል። የፈይሰል ወገን ጥሪ በታላቅ ወንድሙ ስም ቶሎ አለቀ፤ የእኛ ወገን ግን መከራችንን አሳየን። አንድ ዓርብ ጧሂር ቤት ተሰበሰብንና ቢተው የሚባል የጎንደር ልጅ ከአቡ ዳቢ ድረስ መጣልን። በእኛ ፊደል የሚያትም እዚህ ስላላገኘን እሱ በእጁ ይጽፈዋል፣ ማተሚያ ቤቱ ያንኑ ያባዛዋል። ጽሕፈቱ ሲያዩት ያምራል። ታዲያ ሁሉም የየራሱን ቃል ይዞ መጣ። ቢተው፣ በደስታችን ላይ ደስታ ይጨምሩልን የሚል ካልገባበት ጥሪ አይባልም አለ። ጧሂር፣ ከላይ በቢስሚላህ ተጀምሮ ከታች በዱዓ ካልተዘጋ እኔ የለሁበትም አለ። ፈይሰል ደግሞ፣ ሰው የሚያየው ቦታውንና ሰዓቱን ነው፣ አጭር ይሁን ቢል ሁለቱም ተነሡበት። ሲመሽ ሁሉም ቃል ገብቶ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የጠሪው ስም።

የእኔ ሐሳብ አንቺ ከላይ፣ አጎቴ ከታች እንድትጻፉ ነበር። አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ከሞተ ወዲህ እኔንና አንዋርን ያሳደግሽ አንቺ ነሽ፤ ታዲያ ማን ዳራት ሊባል ነው? ጧሂር፣ እዚህ የሴት ስም በጥሪ ላይ አይጻፍም ብሎ የዚህን አገር ልማድ አነሣ። እውነቱን ነው፣ ማዳም የእኅቷን ልጅ የሰርግ ወረቀት አሳይታኝ ነበር፤ እንኳን የእናቲቱ የሙሽራዪቱም ስም የለበትም፣ የእገሌ ልጅ ብቻ ይላል። ለክብሯ ነው አለችኝ። የሰው አገር ክብር አልነቅፍም፤ እኔ ግን የእናቴን ስም ሰው ሁሉ እንዲያነብልኝ ፈለግሁ። እንግዲያው ራሷን እንጠይቅ ተባለና በካሴት ላክሁብሽ።

መልስሽን ማዳም ልጆቿን ይዛ በወጣችበት ሰዓት ኩሽና ተቀምጬ ሰማሁት። ስሜን አታስገቢው አልሽኝ። ሰው ጠርቶ በር ላይ ቆሞ የማይቀበል፣ ብሉልኝ ጠጡልኝ የማይል ምን ጠሪ ይባላል፤ አጎትሽ ወኪል አለው፣ ለእናት ግን ማን ወኪል ይሆናል፤ እንግዳው እሷስ የታለች ሲል አፍራለሁ አልሽ። ከዚያ ድምፅሽ ቆረጥ አለና ዶሮ ሲጮህ ተሰማ፤ ከዚያ ስለ ላሚቱ ማውራት ጀመርሽ። ስለ ላሚቱ ያልሽውን አልሰማሁትም። አንጀቴን በላሽው እማዬ። የመምጫሽ ቪዛ አልሆነም ሲሉኝ እንኳ እንዲያ አላለቀስሁም። ቢሆንም ቃልሽ ነውና ስምሽን አስወጥቼ በአጎቴ ስም ብቻ እንዲታተም ተሰጠ።

አታሚው ህንዳዊ ነው፤ ፊደላችንን ከየት ይወቀው። ናሙናውን ሲያመጣልን የወረቀቱ ጌጥ አበባ ቀጥ ብሎ ጽሑፉ በአናቱ ተተክሏል። ጧሂር እየሳቀ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ አታሚውም ምን እንዳሳቀን ሳይገባው አብሮን ሳቀ። እኔ ወረቀቱን ገልብጬ አነበብሁና ስምሽ ሊሆን ይገባው የነበረው ቦታ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ።

ፈይሰል ቃል አያበዛም። ወደ ውጭ አወጣኝና ምን ሆንሽ አለኝ። ካሴቱ ላይ ያልሽውን ነገርሁት። እሱም፣ እናትሽ የፈሩት መጥራቱን አይደለም፣ በር ላይ አለመቆሙን ነው፤ እንግዲያው በራሳቸው በር ላይ ይቁሙ አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ወረቀቱ እንደሆነ እንደገና መታተሙ አይቀርም፣ ቦታ የሚለው ላይ አንድ መስመር እንጨምር አለ። እማዬ፣ የማገባው ሰው ይህ ነው።

አሁን ጥሪው እንዲህ ይላል፤ እኛ የዘሂራ ሰይድ እናት ወይዘሮ ኑርያ ይማምና አጎቷ አቶ ሙሐመድ አሊ፣ ለልጃችን ኒካሕ ባዘጋጀነው ድግስ ተገኝተው በደስታችን ላይ ደስታ ይጨምሩልን ዘንድ በአክብሮት ጠርተንዎታል። ቦታ፤ አል ዓይን፣ ዛኸር፣ በአቶ ጧሂር ግቢ፤ እንዲሁም ሐይቅ፣ በሙሽራዪቱ እናት ቤት። ቢተው፣ አንድ ሰርግ ሁለት ቦታ ሲደገስ አላየሁም፣ ሰው ግራ ይገባዋል ብሎ ነበር። ጧሂር፣ የቀረበው ይሂድ፣ ኸላስ፣ አለና ክርክሩን ዘጋው።

ሳላስፈቅድሽ ማሳተሜን አውቃለሁ፤ ተቆጪኝ። ወረቀቶቹን ለእረፍት ወደ አገር ቤት የምትመጣው ጓደኛዬ ፈይሩዝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዛልሽ ትመጣለች። ለጎረቤቱ፣ ለዘመዱ፣ ለመስጊዱ ሰዎች አንዋር ያድልልሽ። ድግሱ ሻይና ዳቦ ቢሆንም ግድ የለም፤ ዱዓው ይበቃናል። ብቻ ያን ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ አረንጓዴውን ሻሽሽን አድርገሽ በርሽ ላይ ቁሚልኝ። ለአንቺ የተጻፈ ጥሪ ግን ከመሃሉ አታገኚም፤ የድግሱ ባለቤት ነሽና አትጠሪም።

አጎቴ ሙሐመድን ጉልበትዎን ስማለች በይልኝ፣ ስማቸው ሁለተኛ በመጻፉ እንዳይቀየሙኝም አስረጂልኝ። ባለቤታቸውን ከነልጆቻቸው፣ ጎረቤታችንን እትዬ ጽጌን፣ ጥሪሽን የሚያነቡትን ሁሉ ሰላም በይልኝ። አንዋርን ሳሚልኝ፤ ይህንንም እንዳይዘልል። ላሚቱ ምን ሆና እንደነበር እንደገና ንገሪኝ፣ አሁን እሰማሻለሁ።

የመጣው እንግዳ ሙሽራዪቱስ የታለች ካለሽ፣ ዛኸር እንግዳ እየተቀበለች ነው በዪ። እኔም እዚህ እናትሽስ ሲሉኝ፣ ሐይቅ በሯ ላይ ቆማለች እላለሁ።

ልጅሽ ዘሂራ
አል ዓይን፣ አል ኸቢሲ
ጥቅምት 8 ቀን 1990 ዓ.ም.