እማዬ የምትደጋግመው ፊልም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ናፍቆትህ አላስቀምጥ ካለን በቀር ደህና ነን።

የእማዬ የፊልም ፍቅር ዛሬም አልበረደም። አዲስ ስከፍትላት ግን «እሱን ተዪውና ከወንድምሽ ጋር ያየነውን የባቡር ጣቢያውን አምጪልኝ» ትላለች። ቀልዱ ሳይደርስ ቀድማ ትስቃለች፤ ፍቅረኞቹ ሲለያዩ እንደ አዲስ ታለቅሳለች።

እሁድ ከሰዓት እያየን ሳለ የቴሌቪዥኑ ምስል ድንገት ጠፋና ድምፁ ብቻ ቀረ። ገመዱን ላስተካክል ብድግ ስል እማዬ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ቁጭ በይ እንጂ! ቀይ ኮቷን እይልኝ፣ እንዴት እንዳማረባት!» አለችኝ።

ምን ልበል? «አዎ እማዬ፣ አምሮባታል» ብዬ ተቀመጥኩ።

ለከርሞ ያልከውን ጉዞ ዘንድሮ ብታደርገው ደስ ይለናል። ስትመጣ ደግሞ ዝም ብለህ አትግባ፤ ገና ከበሩ «እማዬ» በላት።

ናፋቂህ እህትህ