ሦስት ዓመት አንደኛ ክፍል

መስከረም 8 ቀን 2001
ዛሬ ምዝገባ ነበር። አርባ አንድ ልጅ መዘገብኩ። ሌላውን አንደኛ ክፍል የምትይዘው መምህርት ማርያማዊት ናት። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፤ ከስምንት ዓመት በፊት እዚህ ሳስተምር ሣር ነበር። ዝናብ ሲወርድ መጮህ እንጂ ማስተማር አይቻልም።
ርእሰ መምህሩ ሞላሌ ከተማን ለቅቄ ወደዚህ መመለሴ ገርሞታል። ሰው ከዚህ ይሸሻል፣ አንተ... አለኝ። አየሩ ይስማማኛል አልኩት። በዚህ ብርድ! እውነቱን ለምን አልነገርኩትም?

መስከረም 10
እዚህ ልጻፈው እንጂ።
ክረምቱን ደብረ ብርሃን ሥልጠና ላይ ነበርኩ። አሠልጣኙ ሩቅ ማየት ስለማይችሉ ልጆች አስተማረን። ዓይናቸውን ያጨነቁራሉ፣ ደብተሩን አፍንጫቸው ላይ ይለጥፋሉ፣ ከጎናቸው ካለው ይገለብጣሉ... እጄ መጻፉን አቆመ። አዛለች። የጋሽ ገብረየሱስ ልጅ።
ሦስት ዓመት አንደኛ ክፍል ላይ ጣልኳት። ረጅም ናት ብዬ ኋላ ያስቀመጥኳት እኔ። ስትገለብጥ ይዤ የገረፍኳት እኔ። አባቷን አስጠርቼ፣ ጭንቅላቷ አይቀበልም፣ ቤት ትርዳችሁ ያልኩትም እኔ። አሥር ዓመቷ ነበር።

መስከረም 13
መንገድ ላይ አገኘኋት። የበግ ጠጉር እየፈተለች ትሄዳለች። ፊት ለፊቷ ቆምኩ፤ ሰላም ሳትለኝ ልታልፍ ነበር። ያኮረፈችኝ መሰለኝ። በስሟ ስጠራት ደነገጠች። "ጋሼ አፈወርቅ? በድምፅዎ ነው ያወቅኩዎት።"
አምስት እርምጃ ላይ ቆሜ!
አላገባችም። ሽማግሌ የላኩትም ደነዝ ናት ሲባሉ ቀሩ አለችኝ፣ እንደ ዋዛ። ወሬውን ማን እንደጀመረው ጠፍቷት ነው?

መስከረም 18
ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ገብረየሱስ ተነሥተው መደቡን ለቀቁልኝ፤ ጠላ አስቀዱልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይን ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት አልኩ።
"ጭንቅላቷ ነው ብለውኝ አልነበር?" አሉ።
ጠላውን አስቀመጥኩ። በመጨረሻ አክስቷ አብራት እንድትሄድ ተስማሙ።

ጥቅምት 6
መነጽሩ እስኪሠራ ደብረ ብርሃን ሦስት ቀን ጠብቀን ተመለስን። ዛሬ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ክፍሉን አሳዩኝ ብላ መጣች። ሄዳ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አልጠፋም ነበር። ከዳር እስከ ዳር አየችው።
"ጋሼ፣ ያኔም እዚያ ላይ ይጽፉ ነበር?"
"አዎ።"
"እኔ እኮ ልጆቹ በቃላቸው የሚያውቁት ይመስለኝ ነበር።"
ይቅር በይኝ አልኳት። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገች።
"ለእኔ ምን ይነግሩኛል? ደነዝ አለመሆኔን እኔ አውቃለሁ። ለሰው ይንገሩልኝ።"

ጥቅምት 8
ነገ እሁድ፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል። አሞኛል ልበል?...

ጥቅምት 9
ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን አለቃ መልከ ጼዴቅን አስፈቅጄ ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። አዛለች ዓይኗ ነው እንጂ አእምሮዋ ምንም አልሆነም፤ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አላየሁም፤ የደነዝ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ... ይህንኑ ነው ያልኩት። አዛለች ከሴቶቹ መሀል ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።
ሰው ሲበተን ጋሽ ገብረየሱስ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው አጠገቤ ቆሙ። "እኔም እኮ እርስዎን አምኜ ስምንት ዓመት ደነዝ እያልኩ ጠራኋት" አሉኝ። ከዚያ ሄዱ።
ይቀለኛል ብዬ ነበር። በደሉን በእሷ ብቻ ላይ የሠራሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ በአባቷም ላይ ነው።

ጥቅምት 10
ጠዋት አዛለች ልትመዘገብ መጣች። ደስ ብሎኝ የፊቱን ወንበር አስለቅቄልሻለሁ አልኳት።
"መምህርት ማርያማዊት ክፍል ነው የምገባው" አለች። ቁጣ የለባትም። "እርስዎ ስሜን ሲጠሩ አሁንም ልገረፍ ነው እላለሁ።"
ስሟን በማርያማዊት መዝገብ ላይ ጻፍኩላት።
ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከግድግዳው ማዶ ከትንንሾቹ ጋር ፊደል ስትቆጥር ሰማኋት። የትልቅ ሰው ድምፅ፣ ሳያፍር፣ አንድ ሳይስት። የእኔ ልጆች ሁሉ ያዩኛል። ለካ ማስተማሬን አቁሜ ነበር።